ጠርሙስ እንዴት ፎቶግራፍ ይነሣል?

ንጹሕ ውሃ የተሞላ አንድ ጠርሙስ በመማሪያ ክፍላችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ምን ይታያችኋል? «ጠርሙስ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። በጥንቃቄ ስታስተውሉ ግን በጠርሙሱ ገላ ላይ የምታዩት የክፍሉን መስኮት ነው፤ ከመስኮቱ ጎን የግድግዳው ቀለም አለ፤ ከመካከል ደግሞ ጎንበስ ብሎ የሚመለከተው የራሳችሁ ፊት ቀጥኖ ይታያል። ጠርሙሱን ወደ ጨለማ ጥግ ብትወስዱት መስኮቱ ከገላው ላይ ይጠፋል፤ ወደ ደጅ ብታወጡት ሰማዩና ዛፉ ይታይበታል። እንግዲህ ጠርሙስ የራሱ የሆነ መልክ እምብዛም የለውም፤ የሚያሳየው ዙሪያውን ነው። ጠርሙስን ለማስታወቂያ ፎቶግራፍ ማንሣት አስቸጋሪ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የችግሩም መፍትሔ የሚገኘው ከዚሁ ነው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለማን ነው? ምሳሌውን ከማጂ እንውሰድ። ማጂ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በምዕራብ ኦሞ ዞን የሚገኝ፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ተጉዘው የሚደርሱበት ደጋማ አገር ነው። ከማጂ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቴፒ ባለው ምድር ቡናና ማር የብዙ ገበሬዎች መተዳደሪያ ናቸው። በዚያ አገር ንብ አርቢው ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ማሩ ሲደርስም ሌሊት ዛፉን ወጥቶ፣ በጭስ ንቡን እያባረረ ይቆርጣል። ማሩ እንደየአበባው መልኩ የተለያየ ነው። ከጌተም አበባ የተቀሰመው ነጣ ያለ ሲሆን፣ ከሌላው አበባ የሚገኘው ወርቅማ ወይም ቡናማ ይሆናል።

አሁን ይህ ማር ተጣርቶ፣ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ አዲስ አበባ ለሚኖር ገዥ ቀረበ እንበል። ገዥው ማሩን አላሸተተም፤ አልቀመሰምም፤ ያየው ፎቶግራፉን ብቻ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ማሩ እንደ ተቃጠለ የመኪና ዘይት ጠቁሮ፣ በጠርሙሱም ገላ ላይ የክፍሉ አምፖልና የአንሺው ሸሚዝ ጎልቶ ቢታይ፣ ገዥው ገጹን ገልጦ ያልፋል። በዛፍ ጫፍ ላይ የተለፋበት ሥራ በአንድ መጥፎ ፎቶግራፍ ምክንያት ከንቱ ይቀራል ማለት ነው። ስለሆነም የጠርሙስ ፎቶግራፍ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ፎቶግራፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ለዓለም ይፋ ከሆነ በኋላ ወደ አገራችን ለመግባት ብዙ ዘመን አልፈጀበትም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰው ሠርተውበታል። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ዋና ሥራ የሰውን ፊት ማንሣት ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ፊት ማንሣት የለመደ ባለሙያ ጠርሙስ ሲያቀርቡለት ይቸገራል። ለፊት በሚያበራው መብራት ጠርሙሱን ቢያበራው አንድ የሚያሳውር ነጭ ነጥብ በገላው ላይ ይወጣበታል፤ የቀረው ክፍል ግን እንደጨለመ ይቀራል። ለምን ይመስላችኋል?

ብርሃን ከአንድ ነገር ላይ ሲያርፍ በሁለት ዓይነት መንገድ ሊመለስ ይችላል። አንደኛው መበተን ነው። ወረቀት፣ ልብስ፣ የኖራ ግድግዳ፣ የሰው ቆዳም ጭምር ያረፈባቸውን ብርሃን ወደየአቅጣጫው ይበትኑታል። ስለዚህ ብርሃኑ ከየትም ይምጣ፣ እኛም በየትኛውም በኩል እንቁም፣ ነገሩ ይታየናል። ሁለተኛው እንደ መስተዋት መመለስ ነው። ለስላሳና አንጸባራቂ ገጽ ብርሃኑን አይበትነውም፤ በመጣበት ማዕዘን ልክ በወዲያኛው በኩል ይመልሰዋል። ከሺህ ዓመት በፊት በካይሮ ይኖር የነበረው ሊቅ ኢብን አል-ሃይሰም ይህንን ሕግ በጠፍጣፋና በጎባጣ መስተዋቶች ላይ በሰፊው መርምሮታል። ፊት ብርሃንን በአብዛኛው ይበትናል፤ ጠርሙስ ግን እንደ መስተዋት ይመልሳል። ልዩነቱ ይህ ነው።

በተጨማሪም ጠርሙስ ጠፍጣፋ ሳይሆን ክብ ነው። ጠፍጣፋ መስተዋት የሚያሳየው አንዱን ወገን ብቻ ሲሆን፣ ክቡ ጠርሙስ ግን በፊቱም፣ በግራና በቀኙም ያለውን ሁሉ አጥብቦ በገላው ላይ ይሰበስባል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለ ማናቸውም ብሩህ ነገር ከጠርሙሱ ሊያመልጥ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ብርጭቆ በቀጥታ ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ አንዱ ገጹ የሚመልሰው ከመቶ 4 እጅ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ብርሃን በብርጭቆው ውስጥ ያልፋል። ታዲያ ይህን የሚያህል ጥቂት ነጸብራቅ ለምን ያስቸግራል? አምፖል በዙሪያው ካሉት ነገሮች እጅግ የበራ በመሆኑ፣ ከብርሃኑ ከመቶ 4 እጁ እንኳ ከማሩ መልክ በልጦ ይታያል። በአንጻሩም በጠርሙሱ ዙሪያ ያለው ነገር ሁሉ ጥቁር ከሆነ የሚንጸባረቅ ነገር አይኖርም፤ የጠርሙሱም ቅርጽ ከጨለማው ተለይቶ አይታወቅም።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ጠርሙስን የሚያነሣ ሰው ማብራት ያለበት ጠርሙሱን ሳይሆን ጠርሙሱ የሚያየውን ነገር ነው። ጠርሙሱ አምፖል ካየ ነጥብ ያሳያል፤ ረጅም ነጭ ጨርቅ ካየ ረጅም ነጭ መስመር ያሳያል፤ ጥቁር ካርቶን ካየ ጥቁር ጠርዝ ያሳያል። አንሺው ለጠርሙሱ ምን እንደሚያሳየው ይመርጣል፤ ጠርሙሱም ያየውን ለካሜራው ይነግራል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ስቱዲዮ የግድ ብዙ መሣሪያ የተደረደረበት መሆን የለበትም። ስቱዲዮ ማለት ብርሃንን እንደፈለግን የምናዝበት ክፍል ማለት ነው። አንድ መስኮት ያለው ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሜትር ያህል ነጭ አቡጀዲ፣ ጥቂት ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭና ጥቁር ካርቶን፣ ለካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ካለ በቂ ነው። ካሜራ ከሌለ በእጅ ስልክ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የስልኩ ብልጭታ መጥፋት አለበት። ብልጭታው በጠርሙሱ ላይ ከአንድ አስቀያሚ ነጥብ በስተቀር የሚጨምረው ነገር የለምና።

ከሁሉ አስቀድሞ ጠርሙሱ መጽዳት ይኖርበታል። በዐይን የማይታይ የጣት አሻራ በፎቶግራፍ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ብናኝም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን በለብ ባለ ውሃና በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ፣ ክር በማይተው ንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ ከዚያም በባዶ እጅ ሳይሆን በጨርቅ ወይም በጓንት ያዙት። ካሜራውን ከጠርሙሱ ወገብ ትክክል አቁሙ። ከላይ ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ብታነሡት የጠርሙሱ አንገት ሰፍቶ፣ መቀመጫው ጠብቦ ይታያል። እጅግ ከመቅረብም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ምስሉን ማቅረብ ይሻላል። ይህ ዝግጅት ከተጠናቀቀ በኋላ ከሚከተሉት የብርሃን አሰጣጥ ዘዴዎች አንዱን መምረጥ ይቻላል።

የመጀመሪያው ዘዴ ብርሃኑን ከጠርሙሱ በስተጀርባ ማድረግ ነው። መስኮቱን በነጭ አቡጀዲ ሸፍኑት፤ ጨርቁ የፀሐዩን ብርሃን ተቀብሎ እኩል ያበራል። ጠርሙሱን ከጨርቁ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ካሜራውን ከወዲህ አቁሙ። ብርሃኑ በማሩ ውስጥ ሲያልፍ ማሩ ከውስጡ እንደበራ ፋኖስ ወርቅማ መልኩን ይገልጣል። ጠጅ ወይም ብርዝ የተሞላ ብርሌ ወደ መስኮት አቅንቶ ያየ ሰው ይህን ዘዴ ሳያውቀው ሠርቶበታል ማለት ነው።

ነገር ግን ከበስተጀርባው ያለው ሁሉ ነጭ ከሆነ የጠርሙሱ ጠርዝ ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ይህንንም ለማስወገድ ካሜራው ከሚያየው ክልል ውጭ፣ ከጠርሙሱ ግራና ቀኝ ጥቁር ካርቶን አቁሙ። ብርሃን በብርጭቆ ጠርዝ በኩል ሲያልፍ በኃይል ስለሚሰበር፣ ካሜራው በጠርዙ በኩል የሚያየው በስተጀርባ ያለውን ነጭ ጨርቅ ሳይሆን በጎን የቆመውን ጥቁር ካርቶን ነው። በዚህም ምክንያት ጠርሙሱ በቀጭን እርሳስ እንደተነደፈ ሥዕል ጥርት ባለ ጥቁር መስመር ተከብቦ ይወጣል። ካርቶኖቹን ስታቀርቡ መስመሩ ይወፍራል፤ ስታርቁ ይቀጥናል። ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ፤ ካሜራ ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛ እየመሰለው ምስሉን ያጨልመዋልና፣ የብርሃኑን መጠን ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዘዴ የመጀመሪያው ተገላቢጦሽ ነው። ከጠርሙሱ በስተጀርባ ካሜራው የሚያየውን ክልል ብቻ የሚሸፍን ጥቁር ካርቶን ይቆማል፤ ከካርቶኑ ውጭ ግን የበራው ነጭ ጨርቅ በዙሪያው ይተርፋል። አሁን በጠርዙ በኩል የሚሰበረው ብርሃን ከነጩ ጨርቅ የሚመጣ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ በጥቁር መደብ ላይ በብር መስመር የተነደፈ መስሎ ይታያል። ይህ ዘዴ ለባዶ ብርጭቆና ለንጹሕ ውሃ በጣም ይስማማል፤ እንደ አምቦ ውሃ ያለ ጋዝ ያለው መጠጥ ሲሆንም እያንዳንዱ አረፋ ተለይቶ ይታያል። ለማር ግን እምብዛም አይመከርም፤ ከበስተጀርባው ብርሃን ያላገኘ ማር ይጨልማልና።

ሦስተኛው ዘዴ ብርሃኑን ከጎን ማምጣት ነው። በአቡጀዲ የተሸፈነው መስኮት ከጠርሙሱ በስተግራ እንዲሆን ጠረጴዛውን አዙሩ። ያን ጊዜ በጠርሙሱ ግራ ገላ ላይ ከትከሻው እስከ መቀመጫው የሚወርድ አንድ ረጅም ነጭ መስመር ይታያል። ይህ መስመር ጉድለት አይደለም፤ ጠርሙሱ ክብ መሆኑን፣ ገላውም ለስላሳ መሆኑን ለተመልካቹ የሚነግረው እርሱ ነው። መስመሩ ሰፊ ከሆነባችሁ የመስኮቱን ጎን በጥቁር ጨርቅ ጋርዳችሁ አጥብቡት። በስተቀኝ ደግሞ ነጭ ካርቶን ብታቆሙ ጥላ የነበረው ወገን ይቀላል። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው የስም ወረቀት እንደማንኛውም ወረቀት ብርሃንን የሚበትን ስለሆነ፣ በዚህ የጎን ብርሃን በሚገባ ይነበባል።

ከፊት ለፊት የሚንጸባረቁት ካሜራውና አንሺው ራሱ ናቸው። ስለዚህ አንሺው ጥቁር ልብስ ቢለብስ፣ ወይም ከካሜራው ፊት በመካከሉ ለሌንሱ ብቻ የተበሳ ጥቁር ካርቶን ቢያደርግ ምስሉ ከጠርሙሱ ላይ ይጠፋል። ባለሙያዎች ነጸብራቅን የሚቀንስ ልዩ ማጣሪያ በሌንሱ ላይ ያደርጋሉ። ማጣሪያው በደንብ የሚሠራው ግን ብርሃኑ ለብርጭቆው ገጽ ቀጥ ካለው መስመር በ56 ዲግሪ ያህል ዘምሞ ሲያርፍ ነው። የጠርሙስ ገላ ክብ በመሆኑም ማጣሪያው አንዱን ክፍል ሲያጠራ ሌላውን ሊያጠራ አይችልም። በመሆኑም ማጣሪያ የአንሺውን ጥንቃቄ ሊተካ አይችልም።

ብርሃን የማያሳልፍ ነገር በጠርሙስ ውስጥ ሲኖር ደግሞ የመጀመሪያውን ዘዴ መጠቀም ስሕተት ይሆናል። የረጋ ነጭ ማር ብርሃን ስለማያሳልፍ፣ ከበስተጀርባው ቢያበሩበት ግራጫ መስሎ ይታያል። በብርጭቆ ዕቃ የተሞላ የተቆላ ቡናም እንደዚሁ ነው። ለእነዚህ የሚስማማቸው የጎን ብርሃን ነው። የጎን ብርሃን የማሩን ቅንጣት፣ የቡናውንም ፍሬ መሐል ሰንጥቅ አጉልቶ ያወጣል። ማሩ ያልረጋ ሆኖ ነገር ግን መልኩ የደፈነ ከሆነ፣ ከጠርሙሱ ጠበብ ያለ ነጭ ካርቶን ቆርጣችሁ ካሜራው እንዳያየው ከጠርሙሱ በስተጀርባ ደብቁት፤ ካርቶኑ ከጎን የተቀበለውን ብርሃን በማሩ ውስጥ እየመለሰ መልኩን ይገልጠዋል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ያለውን ነገር አጥርቶ ስለማሳየት ነው። ያልነበረውን እንዳለ አድርጎ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ በማስታወቂያ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ቀዝቃዛ መጠጥ ሲያነሡ ግሊሰሪን ከውሃ ጋር ቀላቅለው በጠርሙሱ ላይ ይረጫሉ፤ ጠብታው ቶሎ ሳይደርቅና ሳይወርድ እንዲቆይ ነው። ይህ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን መጠጥ አይለውጠውም። በማር ፋንታ የስኳር ሽሮፕ ሞልቶ ማንሣት፣ ወይም የአንዱን አገር ማር አንሥቶ የሌላውን አገር ስም መለጠፍ ግን ማታለል ነው። የረጋ ማር ጥርት ብሎ እንዲታይ በኃይለኛ እሳት ማሞቅም አይገባም፤ ሙቀቱ የማሩን መዓዛ ያጠፋዋል። ማር መርጋቱ የመበላሸት ምልክት ስላልሆነ፣ የረጋውን ማር እንደረጋ ማሳየት ምንም አያሳፍርም። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ሕዝብን የሚያሳስት ማስታወቂያን ከልክሏል።

ከሕጉም በላይ የሚያስጠነቅቀን የአባቶቻችን አነጋገር አለ፤ «ብርሌ ከነቃ፣ አይሆንም ዕቃ» ይባላል። የገዥ እምነትም እንደ ብርሌ ነው። ፎቶግራፉን አምኖ የገዛ ሰው ጠርሙሱን ሲከፍት ያየውን ካላገኘ፣ ሁለተኛ አይመለስም፤ ከዚያ አካባቢ የሚመጣውን ማር ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። ያጠፋው አንድ ሰው ሲሆን የሚጎዱት ግን ዛፍ ለዛፍ የወጡት ንብ አርቢዎች ሁሉ ናቸው። በሌላ በኩል ፎቶግራፉና ማሩ አንድ ከሆኑ፣ ማጂን በዐይኑ ያላየ ሰው ማጂን በማሩ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛችሁ ጠርሙስ ተመለሱ። አሁን በገላው ላይ መስኮቱን ስታዩ «ይህን መስኮት በጨርቅ ብጋርደው፣ በዚህ በኩል ጥቁር ካርቶን ባቆም ምን ይመጣል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ጋርዳችሁም አቁማችሁም እዩት። ጠርሙሱ መልሱን ወዲያው ይሰጣችኋል።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ፊት ማንሣት የለመደ ባለሙያ ጠርሙስ ሲያነሣ የሚቸገረው ለምንድን ነው?
2. «ማብራት ያለበት ጠርሙሱን ሳይሆን ጠርሙሱ የሚያየውን ነገር ነው» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
3. የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዘዴ አንድነትና ልዩነት ግለጹ።
4. ግሊሰሪን መርጨትና በማር ፋንታ ሽሮፕ መሙላት በምን ይለያያሉ? እናንተስ በጸሐፊው አስተያየት ትስማማላችሁ?

ለ. የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ትርጉም ጽፋችሁ፣ በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
መበተን፣ ነጸብራቅ፣ መደብ፣ ተገላቢጦሽ፣ የእንጀራ ጉዳይ

ሐ. «ስለሆነም»፣ «ነገር ግን»፣ «በመሆኑም» የሚሉት አያያዦች የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጡ። እያንዳንዱ አያያዥ ከፊቱ ያለውን ሐሳብ ከሚከተለው ጋር በምን ዓይነት ግንኙነት እንዳያያዘ አስረዱ።

መ. በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ ወይም የሚመረት አንድ ምርት ምረጡ። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ፣ ምክንያትንና ውጤትን በቅደም ተከተል የሚያሳይ፣ ከአራት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።